ኦቲዝምና የኃይል ወንጀል



እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዲሴምበር 14 ቀን 2012 በአሜሪካ፣ በኮኔቲከት ግዛት፣ ኒውታውን በምትባል ከተማ፣ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች በጥይት ተገደሉ፡፡ ገዳዩ ከኦቲዝም ወገን የሚቆጠረው የአስፐርገር ችግር እንዳለበት አስቀድሞ በሐኪም የተነገረለት ነበረና፣ ወሬው ሁሉ ወዲያው ወደ ኦቲዝም ዞረ፡፡ በ2014 ግን የግዛቲቱ የሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ጉዳዩን መርምሮ፣ ከሕመሙ ወደ ግድያው የሚያደርስ ቀጥተኛ የምክንያት መሥመር አለመኖሩን ገለጸ፡፡

ነገሩ በአንድ ሰው ታሪክ የሚፈታ አይደለም፤ ቆጠራ ይጠይቃል፡፡ በ2017 የታተመ የስቶክሆልም ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 27 ዓመት የሆነ 295,734 ወጣቶችን በመዝገብ ተከታትሏል፤ ከእነዚህም 5,739ኙ ኦቲዝም ያለባቸው ነበሩ፡፡ በስዊድን ሕግ የአእምሮ ሕመም ከጥፋተኝነት ውሳኔ ስለማያድን፣ ሕሙማኑ ከፍርድ መዝገቡ አይወጡም፤ ይህም የጥናቱን ዋጋ ከፍ ያደርገዋል፡፡ በመጀመሪያው ስሌት፣ በኃይል ወንጀል የተፈረደባቸው ሰዎች ድርሻ ኦቲዝም ካለባቸው ዘንድ በልጦ ተገኘ፡፡ ሐሜቱ እውነት መሰለ! ዳሩ ግን አብረው የሚገኙት የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር እንዲሁም የጠባይ መታወክ ተለይተው ሲታሰቡ ብልጫው ጠፋ፤ እንዲያውም ከሌላው ሰው ጥቂት አነሰ፡፡

እንግዲህ ለፍርድ ቤት አስተያየት የሚጽፍ ባለሙያ «ኦቲዝም አለበት» ብሎ ብዕሩን ቢያስቀምጥ ሥራውን ከመንገድ ተወው ማለት ነው፡፡ ተደራቢውን ሕመም፣ የወላጆቹን ታሪክና የቤቱን ኑሮ መመርመር ይገባዋል፤ በዚያው ጥናት ከወንጀሉ ጋር ተያይዘው የተገኙት እነዚህ ናቸውና፡፡