ካርዱ ላይ የጻፍኩትና ደብተሬ ላይ የጻፍኩት

አስተባባሪዎቹ «ስለ ማስተማር አንድ ነገር በይን» ብለውኛል። ምሳ ስለደረሰ አላስረዝምም።

ተማሪ ሳለሁ ለቲቲፒ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ካሉ ጤና ጣቢያዎች በአንዱ ተመድበን ነበር። አንዲት እናት የቲቢ መድኃኒት ጀምረው በአራተኛው ወር ጠፉ። ቤታቸው ድረስ ሄድን። «ልጄ፣ ሳሉም ተወኝ፣ እህሉም ተስማማኝ። ከዳንሁ ለምን እውጣለሁ?» አሉኝ። እኔ «እማማ፣ ይጨርሱት፤ የግድ ነው» ከማለት በቀር ቃል አልነበረኝም። ተመልሼ ካርዱ ላይ «አቋርጣለች» ብዬ ጻፍኩ። (ካርድ አንቱታ አያውቅም።)

ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ደብተሬን አወጣሁ። እንዲህ ይላል፦ «የመድኃኒቱን ስም፣ መጠንና ተርታ አውቃለሁ። ለምን 8 ወር እንደሆነ ግን ለእማማ መንገር አቃተኝ።» ያኔ 8 ወር ነበር፤ ዛሬ 6 ሆኗል። ፈተናውን እኮ በጥሩ ውጤት ነው ያለፍኩት!

እየጻፍኩ ስሄድ ነው የገባኝ። በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት በብዛት የሚሞተው ቶሎ ቶሎ የሚራባው ጀርም ነው፤ ሳሉ የሚተወውም ለዚህ ነው። የቀረው ጥቂቱ የተኛ ያህል ነው፤ አልፎ አልፎ ብቻ ነቃ ይላል። መድኃኒቱ ያንን እየጠበቀ መግደል አለበት። በሳምንቱ ተመልሼ «እማማ፣ ማታ እሳት ይዳፍናሉ አይደል? ጠዋት አመዱን ሲገልጡት ፍሙ አለ» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና «ታዲያ ያን ዕለት እንዲህ አትይኝም ነበር?» አሉ። መድኃኒቱን ቀጠሉ። መጨረሳቸውን ግን አላየሁም፤ የእኛ ጊዜ አልቆ ወደ ከተማ ተመለስን።

አሁን እኔ ጋ የሚመጡ ተማሪዎችን ከራውንድ በኋላ ግማሽ ገጽ አስጽፋለሁ፦ ምን አየህ፣ ምን የምታውቅ መስሎህ ነበር፣ የት ላይ ከዳህ። በአማርኛ ነው የሚጽፉት። መጀመሪያ ይስቃሉ። በእንግሊዝኛ ከሆነ ግን ከመጽሐፉ የተቀዳው ቃል ያለማወቅን ይሸፍነዋል፤ በአማርኛ መደበቂያ የለም። ማርክ አልሰጥበትም፤ ማርክ ካለው እንባ ፈጥረው ይጽፉልኛል። «ይህን ሁሉ ተማሪ ማን ያነባል?» የሚሉኝ ባልደረቦች እውነታቸውን ነው። እኔም ሁሉንም አላነብም፤ በሳምንት አምስት ስድስቱን አነብና ከጸሐፊው ጋር ቁጭ እላለሁ።

ነገሩ ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ብቻውን ወጥቶ ይቆጥራል፤ ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርማል። የሌላውን ቅኔ በቃል ይዞ ቢመጣ ማን ይቀበለዋል? የእኛም ኮሌጅ በ1954 እ.ኤ.አ. ከደንቢያ የወባ እልቂት በኋላ ሲቋቋም ተማሪውን ወደ ገጠር መላኩ ሕመሙን ቤቱ ድረስ ሄዶ እንዲያይ ነው። ማየቱን አላቋረጥንም። አይቶ ቁጭ ብሎ ማሰቡን ግን ለተማሪው ዕድል ፈንታ ትተነዋል።

በየሆስፒታሉ ተማሪ የምትቀበሉ ሁሉ፣ ከራውንድ በኋላ ወደ ሻይ ከመሮጣቸው በፊት 10 ደቂቃ ስጧቸው። ያን ደብተር ይዤው መጥቻለሁ፤ የታካሚ ስም የለበትም፤ ማየት የፈለገ ከምሳ በኋላ ያግኘኝ።