እርጅና ነው ብዬ የተውኩት ድካም

(በዕድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኔ ሐኪም አይደለሁም። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬ፣ ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት የጨረስኩ ጡረተኛ ነኝ። የምናገረውም በራሴ የደረሰውንና ሐኪም ያስረዳኝን ብቻ ነው።

ባለቤቴ ያረፈች ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳን ውስጥ አብራችሁኝ ተቀመጣችሁ። ጎረቤቱ እንጀራውንም ወጡንም ይዞ መጣ፤ «አንድ ጉርሻ ብቻ» እያላችሁ በግድ አበላችሁኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ግን ቤቱ ጭር አለ። ለአንድ ሰው ብሎ ወጥ መሥራት ምን ያደርጋል አልኩና ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ማታም ዳቦ በሻይ ሆነ። ወራት አለፉ። ቀበቶዬ ላይ ሁለት ቀዳዳ በሳሁ። ዳገት ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኛል። «ምነው ከሳህ?» ሲሉኝ «እርጅና ነዋ!» እላለሁ። አንድ ቀን ለአንድ አባላችን ለቅሶ ድንኳን ስንተክል ዞሮብኝ ወደቅሁ። ያነሣችሁኝ ሰዎች ዛሬም እዚህ አላችሁ።

ጤና ጣቢያ ያየኝ ሐኪም ከመረመረኝ በኋላ «አባባ፣ ትናንት ምን በሉ?» አለኝ። ነገርኩት። «ይህ እርጅና ብቻ አይደለም፤ ምግብ አንሶዎት ነው» አለኝ። ከዚያም እንዲህ ሲል አስረዳኝ።

አንደኛ፣ ሰው ሲያረጅ ሥራው ስለሚቀንስ የእንጀራው ብዛት ቢቀንስ ግድ የለም፤ ገንቢ ምግብ ግን መቀነስ የለበትም። አለዚያ ጡንቻው ይሟሽሻል፤ መውደቅም ይመጣል። ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ቢያንስ 1 ግራም ያህል ገንቢ ንጥረ ነገር ያስፈልጋል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 60 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ቢሰጥ ነው። ስለዚህ በየማዕዱ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ ወይም አተር አይጥፋ፤ አቅም ሲፈቅድ ወተትና እንቁላል ይጨመር። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን መጠኑን ሐኪሙን ይጠይቅ።

ሁለተኛ፣ በእርጅና ጊዜ የውሃ ጥም ስሜት ይደክማል። ስለዚህ ባይጠማንም ቀኑን ሙሉ ጥቂት ጥቂት ውሃ እንጠጣ።

ሦስተኛ፣ ጨው የደም ግፊትን ያባብሳል። በወጡም በዳቦውም ያለው ተደምሮ በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ መብለጥ የለበትም።

አራተኛ፣ ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ከእህሉ የሚያገኘውን ብረት ይቀንሳል። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ።

ጥርስ የሌለን ሰዎች ደግሞ ጎመኑን በደንብ አብስለን አድቅቀን፣ ቅንጬና አጥሚት እየሠራን መብላት እንችላለን። ጾምን በሚመለከት የደከመ ወይም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሐኪሙና ከሃይማኖት አባቱ ጋር ይመካከር።

እኔ ከዚያ ወዲህ እንደኔው ብቻውን ከቀረ ጎረቤቴ ጋር ምሳ አብረን እንበላለን። ሽሮ መሥራት በስተርጅና ተማርኩ። የመጀመሪያው ጓጉሎ ነበር፤ ቢሆንም በላነው። ዛሬ ጉልበቴ ተመልሶልኝ ድንኳኑን ከእናንተ ጋር እተክላለሁ።

ስለዚህ ለጉባኤው አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ዕድራችን ቀብር ያውቅበታል፤ ሐዘንተኛውንም ሦስት ቀን አይለየውም። ከአራተኛው ቀን በኋላስ? ብቻቸውን የቀሩ አባላት በየሰፈሩ ይመዝገቡና በተራ እየዞርን በሳምንት አንድ ቀን አብረናቸው እንብላ። ከዕድሩ ሣጥን ሳንቲም አይወጣም፤ ሁሉም ከቤቱ ያለውን ይዞ ይሄዳል። መዝገቡን እኔ እይዛለሁ፤ የለመድኩት ሥራ ነው።

እግዚአብሔር ጤናና ዕድሜ ይስጠን።