የብርድ ወራት እሳት፦ ጋዝ፣ ከሰልና የተዘጋ ቤት
(በቤር ሼቫ፣ ራሞት ሰፈር ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ እሳት ነው። «እሳት ማንደድን እኛ እናስተምር እንደሆነ እንጂ ማን ያስተምረናል?» የምትሉ እናቶች እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያ ባይ ነበርኩ።

በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በ36 ሰዓት ውስጥ ሲገቡ እኔም ከነቤተሰቤ አብሬ ገባሁ። ኋላም እዚሁ ቤር ሼቫ ዳር፣ ናሐል ቤቃዕ በተባለው ሰፈር ካራቫን ተሰጠን። ለማታውቁት፣ ካራቫን ማለት ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በመኪና ተጭኖ የሚመጣ ቤት ነው። ግድግዳው ስስ ነው፤ ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፣ ሌሊት እንደ ሜዳ ይበርዳል። በሀገራችን ክረምት የምንለው ሐምሌና ነሐሴ ነበር፤ እዚህ ግን ብርዱም ዝናቡም የሚመጣው ከኅዳር በኋላ ነው። አንድ የጥር ሌሊት ብርዱ ቢጠናብን የጋዝ ማሞቂያ ለኮስን፤ ነፋስ የሚገባበትን ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅ ደፍነን ተኛን።

ጠዋት ባለቤቴ ከአልጋ ስትነሣ ወደቀች። ልጆቹን አስመለሳቸው። እኔ ራሴን እየፈለጠኝ «ቡና ስላልጠጣሁ ነው» እል ነበር። ጎረቤታችን በሩን ከፍቶ ጎትቶ ባያወጣን ኖሮ ዛሬ እዚህ ቆሜ የሚናገረው ሌላ ሰው ይሆን ነበር።

ለመሆኑ በሀገራችን ስንት ዘመን በእሳት ዙሪያ ስንተኛ ምነው እንዲህ አልሆንን? የሳር ክዳን ጎጆ ስለሚተነፍስ ነው። ጭሱ በክዳኑ ውስጥ ሾልኮ ይወጣል፤ ነፋሱ በግድግዳውና በበሩ ይገባል። በሀገራችንም ቢሆን በከተማ፣ ቆርቆሮ ክዳንና ጥብቅ መስኮት ባለው ክፍል ከሰል አስገብተው የተኙ ሰዎች ሳይነሡ እንደቀሩ ሰምታችኋል። እንደ ራሞት ባሉ ሰፈሮች ያሉት ቤቶች ደግሞ ከዚያም የጠበቁ ናቸው፤ ሲሚንቶና ብሎክ፣ ገጥሞ የሚዘጋ የአሉሚኒየም መስኮት። ከሁሉም የባሰው ማማድ ነው። በ2023 በጀመረው ጦርነት ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን በማማድ ማስተኛት ለምደዋል። የብረት በርና የብረት መስኮት በተዘጋበት ክፍል ውስጥ ጋዝም ሆነ ከሰል፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ አይገባም።

የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል አየር ነው። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም፣ አያስልም። ደማችን ኦክስጅን የሚሸከምበትን ቦታ ይቀማል፤ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። እርጉዝ ሴት ካለች ፅንሱን ይጎዳል። እናቶች ሆይ፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ እኛ ከሰሉን ውጭ አቀጣጥለን ጭሱ ሲያልቅና ፍም ሲሆን «አሁን ደህና ነው» ብለን እናስገባዋለን። ነገር ግን ይህን መርዝ በብዛት የሚያወጣው ያ ጭስ የሌለው ቀይ ፍም ነው! ቡናችሁን አትተዉ፤ ማን ይተዋል? ከሰሉ ግን በረንዳ ላይ ይቅር፤ ቤት ውስጥ ጀበናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፍላ።

ስለ ሰንበት አንድ ነገር ልበል። ዓርብ ማታ የለኮሱትን የጋዝ ማሞቂያ ቅዳሜ ማታ ድረስ እንደነደደ የሚተዉ አሉ። አይሆንም። ከሰንበት በፊት ሚዝጋኑን በሙቅ አድርጉት፤ እሱ ምንም ስለማያነድ ይህን መርዝ አያወጣም። የመብራት ሒሳብ እንደሚያስፈራ አውቃለሁ፤ ቤተሰቡን በአንድ ክፍል ሰብስቦ እሱን ብቻ ማሞቅ ይቻላል። ሰው ከታመመ ደግሞ በሰንበትም ስልክ ይደወላል፤ ነፍስ ማዳን ሰንበትን ይሽራል።

የጋዝ ማሞቂያ ያላችሁ፣ ሲበላሽ የሚታየውን እወቁ። ከእሳቱ አጠገብ ቀጭን የብረት ጣት አለች። ስትግል የጋዙን መንገድ ከፍታ ትይዛለች፤ እሳቱ ጠፍቶ ስትቀዘቅዝ ትዘጋዋለች። ስለዚህ ለኩሳችሁ ቁልፉን ወዲያው ብትለቁት ይጠፋል፤ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ተጭናችሁ ቆዩ። እምቢ ካለ መስኮት ከፍታችሁ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ድገሙት። አሁንም ካልነደደ ባሎኑ (ሲሊንደሩ) አልቆ ይሆናል፤ አለዚያ ባለሙያ ይየው።

ሲነድ ቆይቶ በራሱ የሚጠፋውስ? ብዙ ሰው «ተበላሸ» ይላል። በብዙ ማሞቂያዎች ላይ ግን በክፍሉ ያለው ኦክስጅን ሲያንስ እሳቱን የሚያጠፋ መሣሪያ አለ። መሣሪያው «አየር አልቋል፣ ክፈቱ» እያላችሁ ነው። አንድ ጎበዝ ይህን መሣሪያ በሽቦ አስሮ «ጠገንኩት» ሲል በዓይኔ አይቻለሁ፤ የጠገነው የቤተሰቡን መቃብር ነበር። የምድጃ ነበልባል ሰማያዊ ይሁን፤ የማሞቂያው ሸክላ እኩል ይቅላ። ቢጫ ምላስ ካወጣ ወይም ጥላሸት ከቀባ አጥፉት። ስትተኙ ደግሞ ደህናውም ቢሆን ይጥፋ።

የጋዝ ማፍሰስ ሌላ አደጋ ነው። ጋዙ ራሱ ሽታ የለውም፤ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስለውን ሽታ የጨመሩበት እንድናውቀው ነው። ከአየር ስለሚከብድ እንደ ውኃ ወለል ላይ ይተኛል፤ ፍራሽ መሬት አንጥፈው የሚተኙ ልጆች ቀድመው ያገኙታል። ሽታው ከመጣ መብራት አታብሩ፣ የበራውንም አታጥፉ፤ ጋዙን ዝጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ በደረጃ ውረዱ፣ በሊፍት አይሁን። ስልኩ ከውጭ ይደወል። ጎማው ማፍሰሱን በሳሙና አረፋ እንጂ በክብሪት አትፈትሹ።

ቁጥሮቹን ልጆች በማቀዝቀዣው በር ላይ ይጻፉላችሁ፦ እሳት አደጋ 102፣ አምቡላንስ 101። ዕብራይስጡ ለማይመጣላችሁ፣ ጋዝ ሲሸት «ዬሽ ሬያሕ ሼል ጋዝ»፣ ሰው ሲታፈን «ሃርዓላት ጋዝ» በሉ፤ የመንገዱን ስምና የቤቱን ቁጥር ጨምሩ። ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ካዞራቸው ወይም ካስመለሳቸው ጉንፋን ነው አትበሉ። መጀመሪያ ወደ ውጭ፣ ከዚያ ስልክ።

አሁን ማሞቂያችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወደ ግቢው አውጡት፤ ነበልባሉን አብረን እንየው።