ድንጋይ የለበሰ ግድግዳ



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቤት ጌጥ ነው። «ተማሪ ስለ ግንብ ምን ያውቃል?» እንደምትሉ አልጠፋኝም። ጥቂት ያወቅሁትም በጥፋቴ ነው።

አጎቴ ልጃቸውን ሊድሩ ሲሰናዱ የቤታቸው ፊት አሳፈራቸው። ቤቱ የእንጨትና የጭቃ ነው፤ ከላይ ስስ የሲሚንቶ ልስን አለው። «የአማቾቼ ዓይን ጭቃ ላይ አያርፍም» አሉና ከአምቦ የመጣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ገዙ። ተሸክሜ ያቀበልሁት እኔ ነኝ። «ይይዛል ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ሰው አይደለሁ፣ «እንዴታ!» አልኋቸው። ሠርጉ አማረ። ክረምት ሲገባ ግን አንድ ሌሊት ከመስኮቱ በላይ ያለው ሁሉ ተገንድሶ ወረደ። ቀን ቀን ልጆቹ የሚጫወቱት እዚያው ሥር ነበር።

ነገሩ ምን መሰላችሁ? ልባጥ የሚባለው ድንጋይ ቤቱን አይሸከምም፤ ቤቱ ነው እሱን የሚሸከመው። እስቲ አብረን እናስላ። የአንድ ሜትር ኩብ ድንጋይ ክብደት 2500 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ውፍረቱ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ልባጥ አንድ ካሬ ሜትር ሲሸፍን 100 ኪሎ ይመዝናል፤ አንድ ኩንታል ማለት ነው። 10 ካሬ ሜትር ግድግዳ 10 ኩንታል ተሸከመ! ያውም እንደ እህል ጆንያ ተደላድሎ ሳይሆን ፊቱ ላይ ተንጠልጥሎ። ጭቃ ደግሞ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲሚንቶ አብሮት አይሄድም። ዝናቡ በስንጥቁ ገብቶ ከድንጋዩ ጀርባ ሲጠራቀም ልስኑ ከነድንጋዩ ይላቀቃል።

የጥንት አክሱም ግንበኞችም ድንጋይን በጭቃ ገንብተዋል። እነሱ ግን እንጨት በግንቡ ውስጥ አሳልፈው ጫፉን ወደ ውጭ ያወጡት ነበር፤ «የዝንጀሮ ራስ» ይባላል፤ በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ይታያል። ጌጥ ይመስላል እንጂ ሥራው ግንቡን ማሰር ነው።

እንግዲህ ልባጥ የወደደ ሰው ግድግዳው የብሎኬት ወይም የድንጋይ ግንብ ይሁን። ድንጋዩ አቧራው ይታጠብ፤ ግድግዳውም ይርጠብ፤ ከባዱ በሽቦ ከግንቡ ጋር ይታሰር። ሲሚንቶው እስኪጠነክር ለቀናት ውሃ ይርከፍከፍበት።

የጭቃ ቤት ያለንሳ? አጎቴ የወደቀውን ድንጋይ ለቃቅመው ከግድግዳው ሥር፣ የራሱ መሠረት ያለው፣ ጉልበት የሚደርስ መደብ አሠሩበት። ላዩ ወደ ውጭ ዘንበል ስላለ ከጣራ የሚወርደው ውሃ ጭቃውን አያገኘውም። የቀረውን ግድግዳ ኖራ ቀቡት። እኔ እቤታቸው በሄድሁ ቁጥር ግን መደቡን በእግራቸው መታ መታ እያደረጉ፣ «ይይዛል ወይ?» ይሉኛል።