የማኬሬሬ ተማሪዎች መጽሔትና የእኛ አራት ገጾች

(በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ በመጽሔቱ ዝግጅት ኮሚቴ የቀረበ ንግግር)



የመጽሔታችን ወጪ በተነሣ ቁጥር «ለአባላት ጽሑፍ የተመደቡት አራት ገጾች ይቅሩ፤ የሚጽፍም የለም» ይባላል። ዛሬም አጀንዳ ሆኖ ቀርቧል። ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ስለ አንድ የተማሪዎች መጽሔት እንንገራችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጽሔቱ ፔንፖይንት ይባላል። በ1958 በኡጋንዳ፣ በማኬሬሬ ኮሌጅ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ውስጥ ተጀመረ። ተማሪዎች ግጥምና አጭር ልብ ወለድ ያወጡበት ነበር።

ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ያኔ ጄምስ ንጉጊ የሚባል ኬንያዊ ተማሪ ነው። በመጽሔቱ ሥራ የሚሳተፈውን ጆናታን ካሪያራን አስቁሞ፣ አጭር ልብ ወለድ ስለጻፈ እንዲያይለት ጠየቀው። አንድ መስመር እንኳ አልጻፈም ነበር! ካሪያራ እሺ ሲለው ግን መጻፍ ግድ ሆነበት። «ሙጉሞ» የተሰኘው ታሪክ በ1960 ታተመ። በ1962 የአፍሪካ ጸሐፍት ማኬሬሬ ላይ ሲሰበሰቡ ተማሪውን ለግብዣ ያበቁት ሁለት የታተሙ አጫጭር ታሪኮች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ይኸው ነው።

ባለታሪኳ ሙካሚ ትባላለች። አልወለድሽም ተብላ ባሏ ይደበድባታል። ቤቱን ጥላ ትወጣና እንደ ዋርካ ባለ፣ በአገሩ በሚከበር ዛፍ ሥር ታድራለች፤ ማርገዟን ስታውቅ ወደ ባሏ ትመለሳለች። በኮሚቴያችን መመለሷ ብዙ አከራክሮናል። ታሪኩ ጥሩ ነው፤ የጻፈው ግን ወንድ ነው። ሙካሚ ራሷ ብትጽፈው ኖሮ ብለን ቀረን።

ሴቶቹስ? ማኬሬሬ በ1945 ስድስት ሴቶችን እስኪቀበል ድረስ መሪ ቃሉ «ወንዶች እንሁን» የሚል ነበር። ከዚያ ወዲያ «ለወደፊቱ እንገነባለን» ተባለ። ዴቪድ ኩክ የማኬሬሬን ጽሑፎች ሰብስቦ በ1965 ባሳተመው መድበል ውስጥ የኤልቫኒያ ዚሪሙ ተውኔት አለ። ከጎረቤት ጋር ስለመፎካከር ነው፤ እኛ ሰፈር የተጻፈ ይመስላል።

አንድ ነገር አልወደድንለትም፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነበር። ለ1962ቱ ስብሰባም በስዋሂሊ የሚጽፈው ታላቁ ባለቅኔ ሻባን ሮበርት አልተጠራም። ንጉጊ ራሱ ወደ ጊኩዩ ቋንቋው የተመለሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እኛ ግን እናታችንን በምናናግርበት ቋንቋ መጀመር እንችላለን።

ስለዚህ አራቱ ገጾች እንዲቆዩ እንጠይቃለን። መጻፍ የሚቸግራት እህት ትንገረን፤ ቃሏን ሳንለውጥ እንጽፍላታለን፣ አንብበንላትም ይሁን ስትል ብቻ ይታተማል። ሳትጽፉ «ጽፌያለሁ» ብላችሁ ብትመጡም አንቀየምም። ጽሑፉን ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ እንፈልገዋለን።