ውሃ መጣ የሚል ስልክ

(የትምህርት ቤታችን 60ኛ ዓመት በተከበረበት ዕለት በሳይንስ ክበብ አባሎች የተነገረ)



 የምንናገረው ስለ ተመሰገንበት ሥራ ሳይሆን ስለ ተሳሳትንበት ነው። ክበባችን አምና የሠራውን የእጅ ስልክ መተግበሪያ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ በዚሁ አዳራሽ አሳይተን ተጨብጭቦልናል። ጭብጨባው ደግ ነበር፤ መተግበሪያው ግን ደግ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከትምህርት ቤታችን በስተጀርባ ባለው ሰፈር አብዛኛው ሰው ውሃ የሚቀዳው ከቦኖ ነው። ውሃው በፈረቃ ስለሚመጣ እናቶችና ታናናሽ እኅቶቻችን ገና ሳይነጋ ጄሪካናቸውን ይደረድራሉ። እኛም ይህን አይተን የፈረቃውን ቀንና ሰዓት የሚያሳይ መተግበሪያ ሠራን። ሰማያዊ ጠብታ የተሣለበት፤ በጣት ሲነኩት የሚከፈት፤ በሦስት ቀለም ያሸበረቀ ነበር። ስለ ቀለሙ ብቻ ሁለት ሳምንት ተከራክረናል!

ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር ያሳፍረናል። ከመካከላችን የአንዱ እናት ልጃቸውን አምነው፤ መተግበሪያው ውሃ በሌሊት 9 ሰዓት ይመጣል ስላለ፤ በዚያ ሰዓት ተነሥተው እስኪነጋ ድረስ በብርድ ቆሙ። ውሃው አልመጣም። መብራት ጠፍቶ ስለ ነበር ፓምፑ አልሠራም፤ የእኛ መተግበሪያ ደግሞ የሚያውቀው በወረቀት የተጻፈውን ፈረቃ እንጂ ቧንቧውን አልነበረም። በማግሥቱ በእኩለ ቀን ውሃው ሲመጣ እሳቸው ገበያ ሄደው ነበር። ሲመለሱ ልጃቸውን አልተቆጡትም፤ «ልጄ፣ ስልክህ እኮ ውሃ አይጠማውም» አሉት እንጂ።

በዚያው ሳምንት ወደ ቦኖው ወርደን ወረፋ ከያዙት ሴቶች ጋራ ተቀመጥን፤ አስቀድመን ማድረግ የነበረብንን ያን ጊዜ አደረግነው ማለት ነው። በጣት እየተነካ የሚሠራውን ስልክ የያዙት ጥቂቶች ብቻ ሆነው አገኘናቸው። የቀሩት ባለ ቁልፍ ተራ ስልክ አላቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ፊደል አልቆጠሩም። ታዲያ ያን ሁሉ ቀለም የቀባነው ለማን ኖሯል? ለራሳችንና ለዳኞቻችን ነበር።

ከዚህ በኋላ ሌሎች ሰዎች ይህን የመሰለ ችግር እንዴት እንዳለፉት መመርመር ጀመርን። በጎረቤታችን በኬንያ ኤምፔሳ የተባለው አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሞከር የታሰበው፤ አነስተኛ ብድር የወሰዱ ሰዎች ዕዳቸውን በስልክ እንዲከፍሉ ነበር። ሰዎቹ ግን ገንዘቡን እርስ በርሳቸው ይላላኩበት ጀመር። ሠሪዎቹም ይህን ተመልክተው በ2007 አገልግሎቱን ለሕዝብ ሲከፍቱት ዋና ሥራውን ለዘመድ ገንዘብ መላክ አደረጉት። ይህም በተራ ስልክ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነበር። በአገራችንም ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሲጀመር ኢንተርኔት የሌለው ሰው *127# ደውሎ የሚገባበት በር ተበጅቶለታል።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን 8028 ነው። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴርና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋራ ሆኖ ባቆመው በዚህ መስመር፤ ገበሬው ያለ ክፍያ ደውሎ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ስለ ጤፍ፣ ስለ ስንዴና ስለ በቆሎ ምክር የሚሰማበት ሁኔታ ተዘጋጀ። የሚፈልገውን የሚመርጠው ቁጥር በመጫን ነው። ስለዚህ የማያነብ ሰው ቢሆንም ጆሮውና አንድ ጣቱ ይበቁታል።

እኛ እንደዚያ ያለ መስመር ለማቆም አቅም የለንም። ነገር ግን ወረፋ ላይ ተቀምጠን ሳለን አንድ ነገር አስተውለናል። ሴቶቹ ሒሳብ ሳያወጡ በሚስኮል ይነጋገራሉ፤ አንድ ጊዜ ቢጠራ ደርሻለሁ፤ ሁለት ጊዜ ቢጠራ ቶሎ ነይ ማለት ነው። እንግዲህ መተግበሪያውን እነርሱ ከብዙ ጊዜ በፊት ሠርተውት ኖሯል!

አዲሱ ሥራችንም ከዚያ የተወሰደ ነው። ውሃው በእርግጥ ሲመጣ የቦኖው ጠባቂ ለክበባችን ስልክ ሚስኮል ያደርጋሉ። በስልኩ ላይ የጫንነው ፕሮግራም ይህን ሲያይ ለተመዘገቡት ሴቶች በየተራ እየደወለ ይዘጋል። ከዚያ ቁጥር ተደወለ ማለት ውሃ መጣ ማለት ነው፤ የሚነበብም የሚከፈልም የለበትም። በመጀመሪያው ቀን ግን አንዲት እማማ ፈጥነው አንሥተው ለፕሮግራሙ «ማን ልበል?» እያሉ ደጋግመው ስለ ጠየቁት የክበቡ ሒሳብ ማለቅ ጀመረ። አሁን ሁለት ጊዜ ከጠራ በኋላ ወዲያው እንዲዘጋ አድርገነዋል።

ያላሰብነው ሌላ ችግርም መጣ። ለአንድ ሰው መደወል 20 ሴኮንድ ያህል ስለሚፈጅ 40 ሰው ለማዳረስ ከ13 ደቂቃ በላይ ያስፈልጋል። በፊደል ተራ እንደውል ስለ ነበር ስማቸው በ«ጸ» እና በ«ፈ» የሚጀምሩት ሁልጊዜ ከወረፋው ጭራ ይደርሱ ነበር። አንዲት እናት «ስሜን ልለውጥ እንዴ?» ብለው እስኪጠይቁን ድረስ ይህ ለእኛ አልታየንም። አሁን ተራው በየቀኑ ይዞራል፤ ዛሬ መጨረሻ የተደወለላት ነገ መጀመሪያ ናት።

አንድ መምህራችን «የሚታይ ገጽ የሌለው መተግበሪያ ለውድድር እንዴት ይቀርባል?» ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ዘንድሮ አላቀረብነውም።

ሥራው አላለቀም። ስልክ የሌላቸው ሴቶች እስካሁን የሚሰሙት በጎረቤት ጥሪ ነው፤ ጎረቤታሞች ከተጣሉ ደግሞ አይጠራሩም፤ ለዚህ ምን እንደምናደርግ ገና እየተነጋገርን ነው። መብራት ሲጠፋም የክበባችን ስልክ ከግማሽ ቀን በላይ አይቆይም። በታችኛው ቦኖ የሚቀዱ እናቶች ለእኛም ይደረግልን ብለው ስለ ጠየቁን ሌላ ስልክ ያስፈልገናል። ከወላጆች መካከል ባትሪው ደኅና የሆነ አሮጌ ስልክ ያለው ቢኖር፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በክበቡ ክፍል እንገኛለን። መስተዋቱ የተሰነጠቀም ቢሆን እንቀበላለን።