ሁለት ሰማያዊ፣ አንድ ግድግዳ

 

የመኝታ ቤታችሁን ግድግዳ ልታስቀቡ ነው እንበል። ባለሱቁ ሁለት ሰማያዊ ቀለም አቀረበላችሁ። አንዱ ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ ሌላው ወደ ሐምራዊ። የትኛው ይሻላል? ይህን የሚወስነው የቤታችሁ ብርሃን ነው። እናም የዛሬው ቁልፍ ቃላችን ብርሃን ነው።

እንዴት? እስቲ ነጠላ ስትገዙ የምታደርጉትን አስታውሱ። ጥለቱን በሱቁ መብራት ብቻ አይታችሁ አትከፍሉም። ወደ በሩ ወጣ ብላችሁ፣ ፀሐይ ላይ ትዘረጉታላችሁ። ያኔ ጥቁር የመሰላችሁ ጥለት ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ጥለቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ብርሃኑ ነው።

ግድግዳም እንዲሁ ነው። ሰማያዊ ቀለም የሚታየን ካረፈበት ብርሃን በተለይ ሰማያዊውን ወደ ዓይናችን ሲመልስ ነው። ወደ ቢጫ የሚያደላ አምፖል ደግሞ ሰማያዊ ብርሃኑ ጥቂት ነው። ስለዚህ ጠዋት በመስኮት ብርሃን የደመቀው ሰማያዊ፣ ማታ ደብዝዞ ግራጫ ሊመስል ይችላል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከሁለቱም ቀለም ትንሽ ትንሽ ገዝታችሁ፣ ሁለት ነጭ ካርቶን ላይ ደጋግማችሁ ቀቡ። በደንብ ይድረቅ፤ እርጥብ ቀለም ያታልላል። ከዚያ ግድግዳው ላይ ለጥፋችሁ ጠዋት፣ ቀትር ላይ፣ ማታም መብራት አብርታችሁ እዩአቸው። ለመኝታ ቤት ግን የማታውን አስበልጡ፤ ክፍሉን አብዝታችሁ የምትጠቀሙት ያኔ ነውና።

አድማጮቻችን፣ ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ብርሃኑን አማክሩ።